ቲንክፓድ ቲ480፦ በኮረሪማ ሚዛን ላይ

ላፕቶፔን ሚዛናቸው ላይ ሳስቀምጥ ያዩኝ ጋሼ «በኪሎ ነው እንዴ የገዛሽው?» አሉኝ። ሱቃቸው ፒያሳ ነው፤ ቡና፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ እርድ ይሸጣሉ፤ እኔ ደግሞ ሒሳባቸውን እይዛለሁ። ሚዛናቸው ዲጂታል ነው፣ 5 ግራም እንኳ አይሰርቅም፤ ኮረሪማ ውድ ስለሆነች በሷ አይቀለድም። ፋብሪካ ከጻፈው ቁጥር ይልቅ ይሄን ሚዛን ያመንኩት ለዚያ ነው።

የመዘንኩት በንዴት ነው። ታናሽ ወንድሜ እሁድ ዕለት ቤት መጥቶ ቦርሳዬን ሊያቀብለኝ ብድግ ሲያደርገው «ምንድን ነው፣ ወፍጮ ነው?» አለኝ። ቀላሉን ትቼ ከባዱን በመግዛቴ ሁሉም ሰው እንደ ሞኝ ያየኛል። ዓመት ከሁለት ወር ሠርቼበታለሁና አሁን የምለው አለኝ።

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ፤ ላፕቶፕ ከባድ ነው ቀላል ነው የሚባለው ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ ነገሩ ወሬ ብቻ ይሆናል። 7 ደንበኞች አሉኝ፤ አንዳቸውም ቋሚ ጠረጴዛ አልሰጡኝም። ጠዋት ከሳሪስ ባቡር እይዛለሁ፣ ስታዲየም ወይም ለገሃር እወርዳለሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለው በእግር ነው። ለገሃር አንድ አስመጪ አለ፤ ብሔራዊ ቲያትር ጀርባ የልብስ ስፌት፤ ፖስታ ቤት አካባቢ ሁለት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች፤ ከዚያ ቸርችልን ሽቅብ ይዤ ጋሼ ጋ። ቸርችል በመኪና ለሚሄድ ሰው ሰፊ መንገድ ነው፣ በቃ። ቦርሳ አንግቶ በእግሩ የወጣው ግን ከጥቁር አንበሳ ጀምሮ ቴዎድሮስ አደባባይ እስኪደርስ እያንዳንዷን ግራም በስሟ ያውቃታል።

ከዚህኛው በፊት የነበረኝ ላፕቶፕ ቀላል ነበር። ስሙን አልጠራም፤ የደረሰበት ነገር በማንኛውም ቀጭን ላፕቶፕ ላይ ሊደርስ ይችላል። ባለ 14 ኢንች፣ ከ1 ኪሎ በታች፣ በሁለት ጣት የሚነሳ። የገዛሁት ሰሞን ቦርሳዬ ባዶ እየመሰለኝ መንገድ ላይ ቆሜ ከፍቼ አይ ነበር። ሁለት ዓመት ደስ ብሎኝ ሠርቼበታለሁ፤ ይሄን መካድ አልፈልግም።

የሞተው ወድቆ አይደለም። ሰኔ መጨረሻ አካባቢ፣ ማታ 12 ሰዓት ግድም፣ ባቡሩ ለገሃር ሲደርስ ጢም ብሎ ነበር። እንደማንኛውም ሰው ቦርሳዬን ወደ ፊት አዙሬ በሁለት እጄ አቅፌዋለሁ። ስታዲየም ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ተጨመረ። ከኋላ ገፉኝ፣ እኔም ከፊቴ ያለችውን ሴትዮ ገፋሁ፣ ቦርሳው በመካከላችን ሆነ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ቤት ገብቼ ስከፍተው ከስክሪኑ ታች ቀኝ ጥግ ላይ ቀለም የተንጠባጠበ የመሰለ ጥቁር ነገር አለ፤ ከሱ ሦስት ቀጫጭን መስመሮች ሽቅብ ወጥተዋል፤ አንዱ ሮዝ፣ ሁለቱ አረንጓዴ። ቻርጀሩ ከላፕቶፑ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ነበር። ቦርሳው ሲጨመቅ የቻርጀሩ ጡብ ክዳኑን ተጫነው፣ ክዳኑ ጎበጠ፣ ከሥሩ ያለው ስክሪን ደግሞ መጉበጥ የሚባል ነገር አያውቅም።

ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ወደ ብርሃን አዘንብሎ አየውና ከንፈሩን መጠጠ። «እህቴ፣ የዚህ ስክሪን ለብቻው አይፈታም፤ ክዳኑ እንዳለ ነው የሚቀየረው። ከዱባይ ነው የማስመጣልሽ፤ ሦስት ሳምንት ጠብቂኝ» አለኝ። ዋጋው 31,000 ብር። እግረ መንገድህን ራሙን (ሲሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ማኅደር) ወደ 16 ጊጋ ብታሳድግልኝ ብለው ደግሞ ሳቀብኝ። «ይሄ እኮ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ ስትገዢው ያለው ነው ያለው።» ሦስት ሳምንት ማለት ሰኔ 30 አለፈ ማለት ነው። በጀት ዓመቱ ሲዘጋ፣ ሐምሌ ላይ ነጋዴው ሁሉ «ግብሬ ስንት መጣ?» እያለ ሲደውል፣ የሒሳብ ሠራተኛ ላፕቶፕ ከሌላት መዝገብ የሌለው መዝገብ ቤት ናት። ያን ወር በሰው ኮምፒውተር፣ በሰው ሰዓት ሠርቼ አሳለፍኩት።

ነገሩን ያስረዳኝ ጎረቤቴ የሆነ መሐንዲስ ነው፤ ያን ቀን ከነገረኝ ውስጥ አንዷ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣችም። አንድን ዝርግ ነገር፣ ጣውላም ሆነ ቆርቆሮ፣ ውፍረቱን በግማሽ ብትቀንሱት፣ አልጎብጥም የማለት አቅሙ በግማሽ ቀነሰ ማለት አይደለም። ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ውፍረቱ በራሱ ሦስት ጊዜ ነው የሚባዛው። እንግዲህ የላፕቶፕ ክዳን ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር መቀነስ ማስታወቂያ ላይ ምንም አይመስልም፤ ባቡር ውስጥ ግን ብዙ ነው።

ፋብሪካዎቹም ይሄን ስለሚያውቁ ነው ወደ ማግኒዚየምና ወደ ካርበን የሚሸሹት። አሉሚኒየም በሳንቲ ሜትር ኩብ 2.7 ግራም ይመዝናል፤ ማግኒዚየም 1.7 ነው። ስለዚህ በዚያው ክብደት ወፈር አድርጎ መሥራት ይቻላል፤ ወፈር ሲል ደግሞ አይጎብጥም። የካርበን ጭረት ከዚያም ይቀላል፣ ግን ዋጋው ሌላ ነው። ቀላልም ጠንካራም የሆነ ላፕቶፕ የለም የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል፤ አለ። ወደሱ እመለሳለሁ፤ እህቴ ጋ ነው ያለው።

ነሐሴ ላይ ላፕቶፕ ፍለጋ ወጣሁ። ብሩ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ አዲስ ላፕቶፕ መጠየቅ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የሚያሳፍር ነገር ሆኗል፤ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ዩዝድ ሄድኩ። ስታዲየም አካባቢ አንድ ሕንጻ፣ 3ኛ ፎቅ፣ መስኮት የሌላት ጠባብ ሱቅ። ጥቁር ላፕቶፖች እንደ ጡብ ተደርድረዋል። ልጁ የሌኖቮን ቲንክፓድ ቲ480 አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጧ አደረገው፤ ሆን ብሎ ነው። «ሚሊተሪ ግሬድ ነው፣ ታንክ ቢሄድበት አይሰበርም።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ይህቺ «ሚሊተሪ ግሬድ» የምትባል ነገር ብዙ ሰው ታታልላለች። ሚል-ስታንዳርድ-810 የሚባል የአሜሪካ መከላከያ የፍተሻ ደንብ አለ፤ ጂ የሚባለው እትሙ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኤች የሚባለው በ2019 ነው የወጣው። ሙቀት፣ ብርድ፣ እርጥበት፣ አሸዋ፣ ንዝረት፣ ከፍታ፣ መውደቅ እያለ ፈተናዎችን ለየብቻ ይዘረዝራል። ፋብሪካው ከዝርዝሩ የሚፈልገውን መርጦ ይፈትናል፤ አልፏል ብሎ ማኅተም የሚመታ የመንግሥት አካል ግን የለም። ከ122 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 26 ጊዜ መጣል የሚለው ዝነኛ ፈተናም እዚያው ውስጥ ነው፤ ግን 810 የሚል የለጠፈ ሁሉ ያንን ወስዷል ማለት አይደለም። ማትሪክ ተፈትኛለሁ የሚል ልጅ የትኛውን ትምህርት እንደተፈተነ ሳይነግራችሁ እንደማለት ነው። ቲንክፓዶች ብዙ ዓይነት ፈተና የሚያልፉ ናቸው፤ ይሄ ይታወቃል። ታንኩን ግን ልጁ ከራሱ ነው የጨመረው።

እኔ የራሴን ፈተና አደረግኩ። ክዳኑን ዘግቼ መሐሉን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ከፍቼ ከፊት ለፊት አንድ ጥጉን ብቻ ይዤ ብድግ አደረግኩት፤ ቀጭኑ ላፕቶፔ በዚህ ጊዜ ሲጢጥ ይል ነበር፣ ይሄኛው ዝም አለ። ክዳኑን በአንድ ጣት ከፈትኩት፤ ማጠፊያው ላላ ካለ ክዳኑ ከተወሰነ ቦታ በኋላ በራሱ ይወድቃል። ገልብጬ የብሎኖቹን ራስ አየሁ፤ መስቀላቸው የተበላ ከሆነ ብዙ እጅ ገብቶበታል። ባትሪውን ዊንዶውስ ራሱ በሚያወጣው ሪፖርት አየነው፤ ሲሠራ ይይዝ ከነበረው አሁን ስንት እንደሚይዝ ቁጭ አድርጎ ይናገራል። ልጁ መጀመሪያ «ባትሪው አሪፍ ነው» ብሎኝ ነበር፤ ሪፖርቱን ሳስወጣው «ሌላ ልቀይርልሽ» አለ። ቀየረልኝ። 54,000 ብሎ ጀምሮ በ47,500 ተስማማን፤ ቻርጀሩን ጨምሮ።

ዩዝድ ቲ480 ለምትገዙ ሁለት ነገር ላክልላችሁ። አንደኛ፣ የዚያ ዘመን ቲንክፓዶች በታይፕ-ሲ በኩል የሚያስቸግር የተንደርቦልት (የፈጣኑ መሰኪያ) ሶፍትዌር ችግር ነበረባቸው፤ ሌኖቮ ራሱ ማስተካከያ አውጥቶለታል። ስለዚህ በሁለቱም የታይፕ-ሲ ቀዳዳ ቻርጅ ማድረጉን ሱቁ ውስጥ ሆናችሁ ሞክሩ፣ ቤት ስትገቡም ማስተካከያውን ጫኑ። ሁለተኛ፣ ሻጩ «ቲ470ም ያው ነው፣ በርካሽ ልስጥሽ» ካላችሁ ያው አይደለም። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛው ጄኔሬሽን (ትውልድ) የኢንቴል ፕሮሰሰር ጀምሮ ነው፤ አብዛኛው ቲ480 እዚያ መስመር ላይ ቆሟል፣ ቲ470 ግን ከመስመሩ በታች ቀርቷል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2025 ላይ አብቅቷል።

አሁን ወደ ሚዛኑ።

ስክሪኑ የተሰነጠቀው ቀላሉ ላፕቶፕ እስካሁን ቤት አለ፤ ልሸጠውም አልቻልኩም፣ ልጥለውም አልፈልግም። ሁለቱንም ይዤ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ቀላሉ፦ 980 ግራም። ቲ480 ከኋላው ትልቁ ባትሪ ተገጥሞ፦ 1 ኪሎ ከ810። ጋሼ «ይኼማ ግልጽ ነው፤ ሞኝ ነሽ» አሉ። «ቆዩኝ ጋሼ» ብዬ ከቦርሳው የቀረውን አወጣሁ።

ቀላሉን ስይዝ አብረውት የሚሄዱ ነገሮች ነበሩ። ቻርጀሩ 290 ግራም። ሁለት የታይፕ-ሲ ቀዳዳ ብቻ ስለነበረው ለፍላሽ፣ ለፕሪንተር፣ ለኬብል ኢንተርኔት የምሰካበት ሃብ፣ 110። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ስለማያደርሰኝ ፓወር ባንክ፣ 420። ከፈራሁ በኋላ ደግሞ ጠንካራ ማቀፊያ ገዝቼለት ነበር፣ 310። ጋሼ የሒሳብ መሣሪያቸውን አነሱና ደመሩት፦ 2,110 ግራም።

የቲ480 ቻርጀር ከነገመዱ 340 ነው። ሃብ አያስፈልገውም፤ የዩኤስቢ፣ የኤችዲኤምአይ፣ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያውና የካሜራ ካርድ ማንበቢያው ጎኑ ላይ አሉ። ፓወር ባንክ አልይዝም። ማቀፊያ የለውም፤ ቦርሳ ውስጥ እንዲሁ ነው የምከተው። ድምሩ 2,150።

ልዩነቱ 40 ግራም ነው። ጋሼ አንድ እፍኝ ኮረሪማ አንስተው ሚዛኑ ላይ ጣል አደረጉና፣ 40 እስኪል ሁለት ፍሬ ጨመሩ። «ለዚህ ነው ወንድምሽ የሚሰድብሽ?» አሉኝ። ኮረሪማዎቹን ፎቶ አንስቼ ለወንድሜ ላክሁለት፤ እስካሁን አልመለሰም።

ሐቁን ለመናገር ግን ይሄ ሒሳብ የሚሠራው ሙሉ ቀን ውጭ ለምውል ለኔ ነው። የአንድ ሰዓት ስብሰባ ካላችሁ፣ ቻርጀሩን ቤት ትታችሁ፣ ቀላሉን ብብታችሁ ሥር ከትታችሁ ትሄዳላችሁ፤ 980 ግራም 980 ግራም ነው። ቲ480 እንዲህ ያለ ቀን የለውም። ሁልጊዜም መኖሩ ይታወቃል። ግራ ትከሻዬ ላይ ይታወቃል፤ በተለይ ዝናብ ሲሆንና ጃንጥላ በቀኝ እጄ ስይዝ። ማሰሪያው ሰፊ የሆነ የጀርባ ቦርሳ ከገዛሁ ወዲህ ተሽሎኛል፤ ያን ቦርሳ ደግሞ ከላፕቶፑ በፊት መግዛት ነበረብኝ።

ስለ ላፕቶፑ ራሱ። ቲንክፓድ የአይቢኤም ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ተወለደ፣ ከ2005 ጀምሮ ሌኖቮ ያሳድገዋል። መልኩ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም፤ ጥቁር፣ አራት ማዕዘን፣ መሐሉ ላይ ቀይ ነጥብ። ቲ480 የወጣው በ2018 ነው። ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ካፌ ውስጥ አውጥታችሁ ስታስቀምጡት ማንም ዞር ብሎ አያይም፤ ይሄን እንደ ጥቅም ነው የምቆጥረው።

ኪቦርዱ የሚገርም ነው። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ለምትመታ ሰው ቁልፉ ወደ ታች የሚወርድበት ርቀት ነገር አለው፤ ቀጭኑ ላይ ጣቴ ጠረጴዛ የሚደበድብ ይመስለኝ ነበር። የቁጥሮች ሰሌዳ ለብቻው ስለሌለው ትንሽ የዩኤስቢ ሰሌዳ እሰካለሁ፤ ይሄ ግን የባለ 14 ኢንች ሁሉ ጣጣ ነው።

ስክሪኑ ላይ ብዙ አልዘፍንም። የብዙዎቹ ቲ480 ስክሪን ብርሃኑ 250 ኒትስ ነው፤ ቤት ውስጥ ይበቃል፣ በረንዳ ላይ አይበቃም። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስቀመጥ ከመስታወቱ ራቅ ብዬ ነው። ለኔ የሒሳብ ፕሮግራም ለሆነው ለፒችትሪ ሠንጠረዥ ይበቃል። ፎቶ ወይም ቪዲዮ የምትሠሩ ከሆነ ግን እዚህ ጋ አንብቡና ተመለሱ፤ ይሄ የናንተ ዕቃ አይደለም።

ፒችትሪ ካልኩ አይቀር፣ ስሙ ከተቀየረ ብዙ ዓመት ሆነው፤ ሴጅ 50 ነው የሚባለው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ማንም እንደዚያ ሲለው ሰምቼ አላውቅም። ዋናው ነገር በዊንዶውስ ብቻ መሥራቱ ነው። «ማክቡክ ኤር ለምን አልገዛሽም?» ለሚሉኝ ሁሉ መልሴ እሱ ነው። እንጂ በ2020 የወጣው ኤም1 ኤር 1 ኪሎ ከ290 ነው፣ ፋን የለውም፣ ሰውነቱ ድፍን አሉሚኒየም ነው፤ ሥራችሁ ከዊንዶውስ ጋር ካልታሰረ ቀላልና ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ነው።

በዓመት ከሁለት ወር ውስጥ አንዴ ወድቋል። የልብስ ስፌቷ ደንበኛዬ ጋ፣ ከወንበር ላይ፣ ሴራሚክ ወለል ላይ፣ ተዘግቶ። የሴትዮዋ ትንሽ ልጅ ገመዱን ረገጠችው። እናቷ «ውይ ልጄን!» ከማለቷ በፊት እኔ «ውይ ሒሳቤን!» ብያለሁ፤ አሁንም ያሳፍረኛል። ጥጉ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ጭረት አለች። ሌላ ምንም የለውም። ይሄ ሳይንስ አይደለም፤ ሌላ ቀን በሌላ ጥግ ቢወድቅ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። ባቡሩ ውስጥ ግን በየቀኑ ማለት ይቻላል ይጨመቃል፣ እስካሁንም ስክሪኑ ንጹሕ ነው።

ከጥንካሬው ይበልጥ የወደድኩት መከፈቱን ነው። ራም ለመጨመር ያንኑ ጥገና ቤት ሄድኩ። ልጁ የኋላውን ክዳን ፈታ፣ ባዶውን ቦታ አሳየኝ፣ 8 ጊጋ ሰካበት፣ መልሶ ዘጋው። ከጎኑ ያዘዝኩት ማኪያቶ ሳይበርድ አለቀ። «እንዲህ ያለውን አምጪልኝ እንጂ» አለኝ፤ ቀላሉን ሳመጣለት የነበረውን ፊት አስታውሼ ሳቅሁ። ባለሙያው ያው፣ ጠረጴዛውም ያው፣ መፍቻውም ያው ነው። አንዱን ሲያይ ከንፈሩን መጠጠ፣ ሌላውን ሲያይ እጅጌውን ሰበሰበ። እኛ አገር ላፕቶፕ ሲሰበር ፋብሪካው በሳምንት አዲስ አይልክልንም፤ የሚጠግነው ይሄ ልጅ ነው፣ መለዋወጫው ደግሞ የሚገኘው ከሌላ የሞተ ላፕቶፕ ሆድ ውስጥ ነው። ቲ480 በብዛት ስለገባ በብዛት ሞቷል፤ ሬሳው የትም አለ። ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ማጠፊያ፣ የቻርጀር መሰኪያ፣ በዚያው ፎቅ ላይ አንድ ሁለት ሱቅ ብትጠይቁ አይጠፋም።

ባትሪው ደግሞ ለብቻው የሚወራለት ነው። ሁለት ነው ያለው፦ አንዱ ውስጥ የተቀበረ፣ 24 ዋት ሰዓት፤ ሌላው ከኋላ የሚሰካ፣ ትልቁ 72 ዋት ሰዓት የሚይዝ። ላፕቶፑን ሳታጠፉ የኋላውን ነቅላችሁ ሌላ መሰካት ትችላላችሁ፤ የውስጡ እስከዚያ ይዞ ይቆያል። የኔ ዩዝድ ነውና አዲሱ ይሰጥ የነበረውን አይሰጥም፤ ግን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከቻርጀር ነቅዬ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ድረስ ሠርቼበታለሁ። መብራት ሲጠፋ ደንበኞቼ ሻማ ፍለጋ ሲነሱ እኔ ቀና ብዬም አላይ።

እንግዲህ ወደ እህቴ ላፕቶፕ። እሷ መሥሪያ ቤቷ የሰጣት ኤክስ1 ካርበን አላት፣ 6ኛ ጄኔሬሽን። ይሄም በ2018 የወጣ ነው፤ የቲ480 የአንድ ዓመት፣ የአንድ ቤት ልጅ፣ ኢንቴሉም ያው 8ኛ ጄኔሬሽን። ስታገባ የጫጉላ ሰሞኗን ሳምንት አዋሰችኝ። ፋብሪካው 1 ኪሎ ከ130 ነው ይላል፤ የጋሼ ሚዛንም አልዋሸውም። ክዳኑ የካርበን ጭረት ነው። በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ ትንሽ እሺ ይላል፣ ግን እንደዚያኛው ቀጭን አይላወስም። ኪቦርዱ የቲንክፓድ ኪቦርድ ነው። አንድ ሳምንት ቸርችልን እየዘለልኩ ወጣሁት ብል ማጋነን አይሆንም። መልሼ ስሰጣት ከፍቶኝ ነበር።

ታዲያ ለምን አልገዛሁትም? ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ 8 የሆነውን ከገዛችሁ 8 ሆኖ ይቀራል፣ 16 የሆነውን ስጠይቅ ደግሞ 78,000 ተባልኩ። የባትሪው ነገርም አለ፤ አንድ ነው፣ ውስጥ ነው፣ ሲደክም ላፕቶፑን አስከፍቶ መቀየር ነው፣ መብራት ጠፍቶ ሳለ ሌላ መሰካት የለም። 30,000 ብር ልጨምር ብል እንኳ ያ ብር የሁለት ወር የቤት ኪራዬ ነው። የሚችል ሰው ካለ ግን ምንም አልከራከረውም፤ 16 ጊጋ የሆነውን ይግዛ፣ ቀላልም ጠንካራም ብሎ ሲያስብ የነበረው እሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን በሩቁ ነው የማውቃቸው። ኤልጂ ግራም የሚባለው ባለ 17 ኢንች ሆኖ 1 ኪሎ ከ350 ነው፤ ፉጂትሱ ጃፓን ውስጥ 700 ግራም የማይሞላ ላፕቶፕ ይሸጣል። በሌላው ጫፍ የፓናሶኒክ ተፍቡክ ሲኤፍ-31 አለ፣ ከ3 ኪሎ ተኩል በላይ፣ እጀታ ያለው፤ እሱን ይዤ ቸርችልን ስወጣ ማሰብ ያስቀኛል። አንድ ነገር ልብ በሉ ግን፦ ተፍቡክ ለሜዳ ነው የተሠራው፣ ለመኪና ላይ፣ ለዝናብ፣ ለአሸዋ። የኔ ጠላት አሸዋ አይደለም፤ የምሽቱ ባቡር ነው፣ የልጅ እግር ነው፣ የራሴ ቻርጀር ነው። ሰው ጠንካራ ላፕቶፕ ሲያስብ ከፎቅ ሲወድቅ ያያል። ብዙው የሚሞተው ግን ቦርሳ ውስጥ ተጨምቆ፣ ማጠፊያው ላልቶ፣ ወይም የቻርጀር መሰኪያው ተነቅንቆ ነው።

ማጠፊያን ካነሳሁ አይቀር፣ ክዳኑን ከጥጉ ይዞ መክፈት ተዉ። ከመሐል ክፈቱ። ቀጭኖቹ ላይ ይሄ ልማድ ብቻውን ዓመት ይጨምርላችኋል። ቻርጀሩንም ከላፕቶፑ ጋር አንድ ኪስ አትክተቱ፤ ይህቺን ትምህርት 31,000 ብር ተጠይቄባታለሁ።

ባለፈው ወር አንድ ነገር አደረግኩ። ከዚያችው 3ኛ ፎቅ ያለች ሱቅ ትንሹን የኋላ ባትሪ ገዛሁ፤ 24 ዋት ሰዓት የሚይዘውን። ትልቁ ከሥር ወጣ ስለሚል ላፕቶፑን ከኋላ ከፍ ያደርገዋል፤ ትንሹ ግን ሲገጠም ዝርግ ነው። ጋሼ ሚዛን ላይ 1 ኪሎ ከ620 መጣ። አሁን ጠዋት ከሳሪስ የምነሳው በትንሹ ነው፤ ለገሃርንና ፖስታ ቤትን ያደርሰኛል። ቸርችልን ወጥቼ ፒያሳ ስደርስ ትልቁ ባትሪ ቻርጅ ሆኖ ጋሼ ጋ ይጠብቀኛል፤ እሰካዋለሁ፣ ትንሹን እዚያው ቻርጅ ላይ እተዋለሁ፣ ስወጣ እቀይራለሁ።

ባትሪው የሚቀመጠው ከሚዛኑ አጠገብ፣ በኮረሪማው ጆንያና በእርዱ መካከል ነው። አንድ ደንበኛ አንስቶ እያገላበጠ «ይሄስ ስንት ነው?» ብሎ ስለጠየቃቸው፣ ጋሼ በወፍራም ማርከር «አይሸጥም» ብለው ጽፈውበታል።